ቶንሲል ሲነሳ፦ የ10 ቀኑን መድኃኒት ከመጀመር እስከ መጨረስ

«ለቶንሲል የሚሆን ነገር ስጠኝ። ጠንከር ያለውን።»

መድኃኒት ቤት ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚህ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ የለም። ጠያቂው አንዳንዴ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወጣት ነው። አንዳንዴ ልጇን ቤት አስተኝታ የመጣች እናት ናት። ቀጥሎ የሚመጣውንም በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ስድስት ፍሬ ብቻ አድርገው፤ ከተሻለው ይበቃል።»

ነገሩ የሚበላሸው «ከተሻለው» ላይ ነው። ጉሮሮ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል። እንዲያውም ያለ አንቲባዮቲክ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ታዲያ ለምን 10 ቀን? ለልብ ተብሎ ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ሐኪሞች የእሱን «ቡድን ኤ» የተባለ ዓይነት ነው ጉሮሮ ላይ የሚፈሩት። እዚህ ጽሑፍ ላይ ባጭሩ ስትሬፕ እለዋለሁ። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመዋጋት የሚያዘጋጀው መከላከያ አንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳታል። ባክቴሪያውን የሚመታ መስሎት የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን የልብ በር፣ ይመታል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል። ሲደጋገም ቫልቩን ያጠብበዋል ወይም በደንብ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን፣ የልጆች የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበትን የልብ ማዕከል ደጅ የረገጠ ሰው የምለው ይገባዋል። እዚያ ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹ ቫልቫቸው በዚህ መንገድ የተጎዳ ነው።

ደግነቱ ጊዜ አለ። ጉሮሮው መታመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ በሌሊት መሯሯጥ የለም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ መሄድ ይበቃል። በሌሊት የሚያስሮጡትን ምልክቶች ደግሞ ለብቻቸው እነግራችኋለሁ።

1. ጉሮሮውን ተመልከቱ

ልጁን ብርሃን ያለበት ቦታ አቁሙት። አፉን ከፍቶ «አአአ» ይበል። የስልክ መብራት ይበቃል። ማንኪያ ወደ ውስጥ አትስደዱ፤ ያስታውከዋል፣ ሁለተኛም አፉን አይከፍትላችሁም።

ስትሬፕ ድንገተኛ ነው። ቀን ሲጫወት የዋለ ልጅ ማታ ላይ መዋጥ ያቅተዋል። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ያልፋል። ቶንሲሎቹ ቀልተው ያብጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ነጭ ወይም ቢጫ መግል ጣል ጣል ያለባቸው ይሆናሉ። ላንቃው ላይ ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። ከመንጋጋ ሥር ያሉት እጢዎች አብጠው ሲነኩ ያማሉ። ትንንሾቹ ደግሞ ጉሮሮዬን ሳይሉ «ሆዴን» ወይም «ራሴን» ሊሉ ይችላሉ። የሚያስመልሳቸውም አሉ።

ሳል ካለ፣ አፍንጫው የሚዝረበረብ ከሆነ፣ ድምፁ ከተዘጋ፣ ዓይኑ ከቀላ ነገሩ ወደ ጉንፋን ያደላል። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረስን አሞክሳሲሊን የሚባለው የተለመደ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ጠንከር ያለውም አይነካውም።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። ጉሮሯቸውን ከሚታመሙ 100 ልጆች ውስጥ ስትሬፕ የሚሆነው ከ20 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ ነው። አዋቂዎች ላይ ከ5 እስከ 15 ነው። ቀሪው በአብዛኛው ቫይረስ ነው። ስትሬፕ በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ብዙም አይታይም። ስለዚህ ጉሮሮውን የከረከረው ሁሉ አንቲባዮቲክ ቢገዛ፣ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በከንቱ ነው።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ባይናቸው ብቻ አያውቁትም። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ሴንተርና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. አራት ነገር ቁጠሩ ብለው ነበር፦ ትኩሳት አለ ወይ? ቶንሲሉ ላይ መግል አለ ወይ? ያበጠ የአንገት እጢ አለ ወይ? ሳል የለም ወይ? ኋላ ዕድሜ ተጨመረበት። ዛሬም የላብራቶሪ ምርመራ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ በልቡ የሚደምረው ይህንኑ ነው።

«እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እንጥል ጉሮሮ ሲቆጣ አብሮ ያብጣል እንጂ በሽታው እሱ አይደለም። የተቆረጠ እንጥል ስትሬፕን አያስቀርም። በዚያ ምላጭ ግን ደም መፍሰስ፣ ቴታነስ፣ ኤችአይቪም ይመጣል። ይህን የምለው ያለ ማመንታት ነው፦ አታስነኩት።

2. ሌሊትም ቢሆን የሚያስሮጡ ምልክቶች

ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ሲተነፍስ የሚያፍነው ወይም የሚያስጮኸው፣ አፉን በቅጡ መክፈት የተሳነው፣ ድምፁ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው የታፈነ፣ ጉሮሮው ወይም አንገቱ ባንድ ወገን ብቻ ያበጠ፣ አንገቱ የደረቀ፣ ምንም ሳይጠጣ ውሎ ሽንት የጠፋበት። ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ከታየም እንዲሁ፤ ያ ዲፍቴሪያ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ አንዱ ካለ መድኃኒት ቤት አትምጡ። ሆስፒታል ሂዱ።

3. ሐኪም ፊት ምን ይባላል?

የጀመረበትን ቀን ተናገሩ። «ሰሞኑን» አይበቃም፤ «ማክሰኞ ማታ» በሉ። የ9 ቀኑ ቆጠራ ከዚያ ነው የሚነሳው። ሳል መኖሩን ወይም አለመኖሩን ንገሩ። ቤት ውስጥ የጀመራችሁት መድኃኒት ካለ አትደብቁ። ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን የዋጠ ሰው ናሙናው ባክቴሪያው የሌለበት መስሎ ሊወጣ ይችላል። ከቤተሰቡ የሩማቲክ ትኩሳት ወይም የቫልቭ ሕመም ያለበት ካለ፣ እሱንም መጀመሪያ ላይ አንሱት።

ውጭ አገር የምትኖሩ ከሆነ ብዙ ቦታ ጉሮሯችሁን በጥጥ ጠርገው በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይነግሯችኋል። ስትሬፕ ካልተገኘ ያለ መድኃኒት ይሸኟችኋል። «ይህን ያህል ታምሜ ባዶ እጄን ሸኙኝ» የሚል ቅሬታ ከዋሽንግተንም ከቴል አቪቭም ይሰማል። ከልክለዋችሁ አይደለም። ቫይረስ ነው ማለታቸው ነው። ለልጆች ግን ፈጣኑ ምርመራ ነፃ ቢልም ብዙ ጊዜ ናሙናው ውስጥ ባክቴሪያ ካለ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ያቆዩታል፤ የእሱ ውጤት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል።

አገር ቤት ፈጣን ምርመራው በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ስለማይገኝ ሐኪሙ የሚወስነው በምልክት ነው። በሩማቲክ ትኩሳት ብዙ ልጅ በሚጎዳበት አገር አጠራጣሪውን ማከም ያስኬዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንድ ቦታ ደም ተወስዶ «አሶ» የሚባል ምርመራ ይሠራል። ይህ ምርመራ የሚያሳየው ያለፈን ስትሬፕ ነው። ቁጥሩ መውጣት የሚጀምረው ከሳምንት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ጫፍ የሚደርሰው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ዛሬ ጠዋት ላበጠ ጉሮሮ መልስ አይሰጥም። ጉሮሮው ሳያመው በ«አሶ» ብቻ መርፌ የተጀመረለት ሰው አጋጥሞኛል።

4. መርፌ ወይስ የሚዋጥ?

ለስትሬፕ ንጉሡ ዛሬም ፔኒሲሊን ነው። ሰዎች «አሮጌ መድኃኒት» ብለው ይንቁታል። ይገርማችኋል፣ ከ80 ዓመት በላይ አገልግሎ ዛሬም ይህን ባክቴሪያ ይገድለዋል። ፔኒሲሊንን ተላምዶ ሕክምናን እምቢ ያለ ቡድን ኤ ስትሬፕ እስካሁን አልታየም። በአንጻሩ አዚትሮማይሲንን የተላመደ አለ። «የሦስት ቀኗ ትሻለኛለች» የምትሉ ይህን አስቡ። ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለዚህ ሕመም አይሆኑም። ኦግመንቲንና ሴፍትሪያክሶንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለያዘ ተራ ስትሬፕ ትንኝን በመድፍ እንደመምታት ናቸው።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። አንድ ጊዜ መቀመጫ ወይም ታፋ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፣ በቃ። ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 600,000 ዩኒት፣ 27 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት። ያማል፣ አልዋሻችሁም። አንድ ሁለት ቀን ያስነክሳል። ግን የ10 ቀኑን ጣጣ ባንድ መርፌ ይጨርሳል። መድኃኒት መዋጥ ለሚረሳ፣ ለሚያስመልሰው፣ ነገ መንገድ ላለው፣ ጤና ተቋም ለራቀው ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የሚወጋው ጤና ተቋም ውስጥ ብቻ ነው። ቤት ለቤት በሚዞር ወጊ አታስወጉ። ፈሳሹ የሚሰጠው ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሕይወት ያጠፋል። ከተወጋችሁ በኋላም 30 ደቂቃ እዚያው ተቀመጡ። አደገኛ አለርጂ ከመጣ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው፤ የሚያድነው መድኃኒትም እዚያው ነው ያለው።

ሁለተኛው የሚዋጠው ነው። ፔኒሲሊን ቪ ካለ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን አሞክሳሲሊን ነው፤ ሽሮፑም ለልጅ አፍ ይጣፍጣል። ቀኑ ለሁለቱም 10 ነው።

ፔኒሲሊን አይስማማኝም የምትሉ፣ ምን እንደሆናችሁ በዝርዝር ንገሩ። ከወሰዳችሁ ብዙም ሳይቆይ ሰውነታችሁ በሚያሳክክ እብጠት ከተሞላ፣ ከንፈራችሁ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ እውነተኛ አለርጂ ነው። ፔኒሲሊንም አሞክሳሲሊንም ሁለተኛ አትንኩ። «ሆዴን ነፋኝ»፣ «ተቅማጥ አመጣብኝ» ግን አለርጂ አይደለም። የእናታችሁ አለርጂም የእናንተ አይደለም። እውነተኛ አለርጂ ላለበት ሰው ሐኪሙ ክሊንዳማይሲን ለ10 ቀን ወይም አዚትሮማይሲን ለ5 ቀን ያዛል። አለርጂው ቀላል ከነበረ ሴፋሌክሲንም አለ።

5. መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቁጠሩ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል። ብዙው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ ነው።

ለስትሬፕ የአሞክሳሲሊን ልክ ለልጅ በአንድ ኪሎ ክብደት 25 ሚሊግራም፣ በቀን 2 ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ500 ሚሊግራም አይበልጥም። በቀን አንድ ጊዜ በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 1,000 ሚሊግራም አድርጎ የሚያዝም አለ። በቀን 3 ጊዜ ያዘዘላችሁ ሐኪም ካለ የእሱን ተከተሉ። እኔ ይህን ስሌት የምሰጣችሁ ሐኪሙን እንድትተኩት አይደለም። የያዛችሁት ጠርሙስ እስከ መጨረሻው ቀን መድረሱን እንድታረጋግጡ ነው።

20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። 20 ሲባዛ በ25፣ 500 ሚሊግራም ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ «250 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ይላል እንበል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሚሰጠው 10 ሚሊሊትር ነው። በቀን 20። በ10 ቀን 200 ሚሊሊትር። ጠርሙሱ ደግሞ የሚይዘው 100 ነው።

ገባችሁ? ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። አንዱ በ5ኛው ቀን ማታ ያልቃል። በ5ኛው ቀን ልጁ ሰፈር ውስጥ ኳስ እያሳደደ ነው። ትኩሳት የለም፣ ይበላል፣ ይረብሻል። እናቱ ባዶውን ጠርሙስ አይታ «ጨረስን፣ ተመስገን» ትላለች። ጨረሰች የተባለችው ግማሹን ነው። በሷ አልፈርድም። ጠርሙሱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ያለቀ ይመስላል። ጥፋቱ አንድ ጠርሙስ ሰጥቶ የሸኛት ሰው ነው፤ እኔም በጀማሪነቴ እንዲያ አድርጌያለሁ።

የተሰጣችሁ ባለ 125 ከሆነ ደግሞ ለዚሁ ልጅ 4 ጠርሙስ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 250ውን ጠይቁ። 16 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከባለ 250ው አንድ ጊዜ 8 ሚሊሊትር፣ በ10 ቀን 160 ሚሊሊትር፤ እሱም ሁለት ጠርሙስ ነው። ከ20 ኪሎ በላይ ያለ ልጅና አዋቂ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ሲወስድ 20 ካፕሱል ያስፈልገዋል። በቀን 3 ጊዜ ከታዘዘለት 30።

ገንዘብ ካጠረስ? ያጥራል። ያኔ ግማሽ ከመግዛት ወደ ሐኪሙ ተመልሳችሁ መርፌውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀላል።

ሌላም አለ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አይጠፋም። «የአሜሪካ ነው» ይባላል። ውስጡ ያው አሞክሳሲሊን ነው። የተረፈ ስለሆነ ግን መቼም 10 ቀን አያደርስም፤ ደግሞም አንድ ሰው ሳይጨርስ የተወው ነው። የታናሹን መድኃኒት ለታላቁ ማካፈልም ያው ነው፤ ሁለቱም ግማሽ ይወስዳሉ።

6. ሽሮፑን መበጥበጥና ሰዓቱን መያዝ

ዱቄቱን መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጋችሁ አላሉት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ምልክቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ እስኪቀረው ጨምሩና በደንብ ነቅንቁ። አረፋው ሲረጋ እስከ ምልክቱ ሙሉት። ካልተማመናችሁ መድኃኒት ቤቱ ይበጥብጥላችሁ፤ ሥራችን ነው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ግን ያኔውኑ አትበጥብጡት። የተበጠበጠ ሽሮፕ እንደ ዓይነቱ 7 ወይም 14 ቀን ነው የሚቆየው፤ ጽሑፉን አንብቡ። ሁለተኛው በዱቄትነቱ ይቀመጥ፣ በ6ኛው ቀን ጠዋት ይበጥበጥ። የተበጠበጠውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ግን አይግባ። ፍሪጅ ከሌለ ሻጩን ጠይቁ፤ በውኃ የሚሟሟ ባለ 250 ፍሬ ካለ በዚያ ትገላገላላችሁ። በየጊዜው ከመስጠታችሁ በፊት ነቅንቁት። መለኪያችሁም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም ከጠርሙሱ ጋር የመጣው ክዳን ይሁን። የወጥ ቤት ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል።

ሰዓቱ ቀላል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። አሞክሳሲሊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ፔኒሲሊን ቪ ግን በባዶ ሆድ ይሻላል። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ 20 ሳጥን ሥሩበት፣ ልጁ ራሱ በእስክሪብቶ ይሰርዝ። ልጆች ይህን ይወዱታል። እናንተ ስትረሱ እሱ ያስታውሳችኋል።

ጾም ያለባችሁ አዋቂዎች መድኃኒቱን እስከ 9 ሰዓት እየገፋችሁ ሰዓቱን አታበላሹ። የታመመ ሰው አይገደድም፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ረመዳን ላይ የሆናችሁም ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት። አንዷ መርፌ ወይም በቀን አንዴ የሚወሰደው ከጾሙ ጋር የተሻለ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ሰዓት ስጡ። ቀጣዩ ሊደርስ ከሆነ የረሳችሁትን ዝለሉት። ሁለቱን ደርባችሁ አትስጡ። ሰጥታችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው ድገሙት።

7. የመጀመሪያዎቹ ቀኖች

ሕመሙ እስኪበርድ ፓራሲታሞል ይረዳል። ለልጅ አንድ ጊዜ በኪሎ ቢበዛ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጎ፣ የሚወርድለትን ሁሉ ስጡት። ባይበላም ይጠጣ። ማር ያለበት ሻይ ያለሰልሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር የለም። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አድርጎ ይጉመጥመጥበት። ዳማከሴውንም ዝንጅብሉንም የምትወዱ ቀጥሉ፤ መድኃኒቱን እስካልተካ ድረስ እኔ ጠብ የለኝም።

የመጀመሪያው መድኃኒት ከተሰጠ 24 ሰዓት እስኪሞላ ልጁ ያስተላልፋል። እስከዚያ ትምህርት ቤት አይሂድ፣ ኩባያና ማንኪያው ለብቻ ይሁን። ጉርሻም ይቅር፤ አያት ቅር ቢላቸውም አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ከለቀቀው ይሂድ። ምንም ያላመማቸውን የቤተሰብ አባላት «እንዳይዛቸው» ብሎ ማከም አያስፈልግም። ጉሮሮውን ያመመው ካለ ግን እሱም ይታይ።

በ48 ሰዓት ገደማ ለውጥ መታየት አለበት። ሦስት ቀን ሙሉ ወስዶ ትኩሳቱ ካልበረደ ተመለሱ። ሌላ መድኃኒት በራሳችሁ አትቀይሩ። መላ ሰውነቱ ላይ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክር ቀይ ሽፍታ ከወጣ ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ እሱም የስትሬፕ ሥራ ነው፣ ሕክምናውም አንድ ነው። በአሞክሳሲሊን የሚነሳ ሽፍታም ስላለ ግን ራሳችሁ አትወስኑ፣ አሳዩት። ቀለል ያለ ተቅማጥ የሚጠበቅ ነው፣ ፈሳሽ እየሰጣችሁ ቀጥሉ። ደም ካለበት ወይም ከበረታ ሂዱ።

8. ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን

እዚህ የሚነገር ብዙ የለም። አሰልቺው ክፍል ነው። ልጁ ድኗል፣ ሽሮፑ ሰልችቶታል፣ እናንተም ሥራ ገብታችኋል። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሳጥኖች ጨርሱ። በ10ኛው ቀን ማታ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ጣሉት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አይሆንም። ምልክት ከሌለ «መጥፋቱን ለማየት» ተመልሶ መመርመር አያስፈልግም።

በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ስለተነሳ ብቻ ቶንሲል አይወጣም። ሐኪሞች ስለ ቀዶ ሕክምና ማሰብ የሚጀምሩት በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ሁለት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ በደንብ የተመዘገበ ሕመም ሲኖር ነው። ስለዚህ የታመመበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉት።

9. ቀጣዮቹ ሳምንታት

ልጁ ከዳነ በኋላ ባሉት አምስት ሳምንታት ዓይናችሁን ከሱ አትንቀሉ። ጉልበቱ አብጦ ከበረደ በኋላ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት ወይም ወደ ክንድ ከዞረ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ካጠረው፣ እጁ ሳያዝዘው እየተወራጨ ዕቃ ከጣለ ወይም ጽሑፉ ከተበላሸ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ፊቱ ጠዋት አብጦ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ደግሞ ኩላሊቱ ነው። ሁለቱም የዚያኑ ቀን ያስኬዳሉ። የሩማቲክ ትኩሳት መሆኑ ከተረጋገጠ ቤንዛቲን መርፌው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት ይቀጥላል፤ ዳግም እንዳይነሳ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ስትሄዱ አንድ ነገር ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ያበጠ ጉልበት ይዞ ለመጣ ልጅ «ወድቀህ ነው?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለታመመው ጉሮሮ የሚያነሳ ሰው ላይኖር ይችላል። «ማክሰኞ ማታ ነበር የጀመረው፣ ይህን መድኃኒት ይህን ያህል ቀን ወስዷል» በሉ፤ ባዶ ጠርሙሱ ካለም ይዛችሁት ሂዱ።